ኮምፒውተሬ እየሠራሁበት ድንገት ድርግም ይላል፣ ፎርማት ተደርጎም አልተሻለውም (ደብረ ማርቆስ)

ጥቁር_ቀለም (ደብረ ማርቆስ) ፦
ሰላም እንዴት ዋላችሁ። ማርቆስ ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፣ አሁን ደሞ የግቢ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ሚያስጽፉበት ሰሞን ስለሆነ ፋታ የለኝም። ችግሩ ዴስክቶፑ ነው። እየጻፍኩ እያለሁ ድርግም ይላል በቃ። ሰማያዊ ስክሪን የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፣ ምንም። ሞኒተሩ አይጠፋም፣ "ኖ ሲግናል" ብሎ ይቀራል። አንዳንዴ ራሱ ተመልሶ ይነሳል፣ አንዳንዴ ደሞ ቁልፉን ብጫነው ብጫነው ትንሽ ካልቆየ አይነሳም። ሰፈር ያለ ጠጋኝ ዘንድ ወስጄ ዊንዶውስ ነው ብሎ ፎርማት አረገልኝ፣ ከፍዬ ይዤው መጣሁ፣ ያው ነው። ዛሬ ከአማኑኤል እየተመላለሰች ምታስጽፍ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሰንጠረዡን ስናስተካክል ጠፋና ሴቭ ያላረግነው ሁሉ ሄደ፣ ልጅቷ አለቀሰች እኔም አንጀቴ ተላወሰ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፣ ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 10። እባካችሁ ምታውቁ ካላችሁ።

ቡሬ_ኔት ፦
ቫይረስ ነው እህቴ፣ ተማሪዎቹ በፍላሽ ነው ሚያመጡብሽ። ደህና አንቲቫይረስ ጫኚና ሙሉ ስካን አድርጊ፣ ካልሆነ ደግመሽ ፎርማት።

ቴስተር_ከእጄ (ባሕር ዳር) ፦
እህትዓለም ሰላም ላንች ይሁን። ድጋሚ ፎርማት እንዳታደርጊ፣ ገንዘብሽንም ፋይልሽንም ነው ምትጨርሽው። ቫይረስ ብዙ ነገር ያደርጋል፣ ግን እንደዚህ አይነት አጠፋፍ የሱ ጠባይ አይደለም። ሶፍትዌር ሲያጠፋ ዊንዶውሱ እየተዘጋ እንደሆነ ያሳይሻል ወይ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ያንችው ግን ሶኬቱን ነቅለሽ እንደጣልሽው ነው ሚጠፋው፣ ስለዚህ ወይ ሙቀት ነው ወይ መብራት ነው ወይ ፓወር ሳፕላዩ (ከሶኬት ሚገባውን መብራት ቀይሮ ለኮምፒውተሩ ሚያከፋፍለው ሳጥን) ነው። ማዘርቦርድም ሊሆን ይችላል ግን እሱ መጨረሻ ሚታይ ነው።

ምንም ነገር ሳትገዢ ይሄን አድርጊ። ስታርት ላይ "ኢቨንት ቪወር" ብለሽ ክፈቺ፣ ኮምፒውተሩ የደረሰበትን ሁሉ ሚመዘግብበት ነው፣ ዊንዶውስ ሎግስ ሚለው ውስጥ ሲስተም ሚለውን ንኪ፣ በቀኝ በኩል ፊልተር ሚል አለ፣ እዚያ ላይ 41 እና 6008 ብለሽ ጻፊ። 41 ማለት ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ ተነሳ ማለት ነው። 41ን ከፍተሽ ዲቴይልስ ውስጥ በግቼክ ኮድ ሚለው 0 ከሆነ ሰማያዊ ስክሪን አልመዘገበም፣ እንዳንች ባለ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ ነው ከሥሩ የተቆረጠው። የጠፋበትን ሰዓት ግን ከ41 ላይ አታንቢ፣ 41 ተመልሶ የተነሳበትን ነው ሚጽፈው። 6008 ነው ትክክለኛውን የጠፋበትን ሰዓት ሚያሳይሽ። ሰዓቶቹን ወረቀት ላይ ጻፊና አምጪልን። በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ 6 ቀንሽ።

እንጅባራ_ብርድ ፦
የኔ ጥርጣሬ አቧራ ነው። እኛ ሱቅ ከወፍጮ ቤት ጎን ነው፣ ዱቄቱ ከቅባት ጋር ፋኑ ላይ ተጋግሮ ሂትሲንኩ (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ሚያወጣው ብረት) አፉ ተደፍኖ ነበር፣ ስከፍተው እንደ ብርድ ልብስ ተልጦ ነው የወጣው። ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ካልበቃው ራሱን ለማዳን ያጠፋል። ቶሎ አልነሳም ሚለውም እስኪበርድ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ደሞ እኛ ጋ ብርድ ነው ኮምፒውተር አይሞቅም ይላል፣ አየሩ ቢበርድም ስስ ነው እኮ፣ ማርቆስ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል፣ ፋኑ ያው ቢዞርም ይዞት ሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ነቅለሽ፣ ፋኑን በጣትሽ ይዘሽ እንዳይሽከረከር አድርገሽ፣ በብሩሽ ጥረጊው። በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል ሚቀባው ተርማል ፔስት ደርቆ ከሆነ ቀይሪው።

የዳንግላው_ተማሪ ፦
ይቅርታ በዚሁ ልጠይቅና የኔ ላፕቶፕ ደሞ ባትሪው 30 ፐርሰንት እያለ ድንገት ይጠፋል፣ ቻርጀር ላይ ሲሆን ግን ምንም አይልም።

ቴስተር_ከእጄ (ባሕር ዳር) ፦
ዳንግላ፣ ያንተ ባትሪው አርጅቷል። ውስጡ ካሉት ሴሎች አንዱ ደክሞ ቮልቴጁ ድንገት ይወድቃል፣ ፐርሰንቱ ግምት ስለሆነ አትመነው። ባትሪ ቀይር። አብጦ ታቹን ወይ ኪቦርዱን የገፋው ከሆነ ግን ዛሬውኑ አውጣው፣ አትውጋው አትጫነው።

ጥቁር_ቀለም (ደብረ ማርቆስ) ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አቧራውን አስጠረግሁ፣ ብዙም አልነበረውም። ሙቀቱን ሚያሳይ ፕሮግራም ጭኜ ስሠራ ዋልኩ፣ ከ62 ዲግሪ አላለፈም፣ ጠፍቶ ስከፍተውም 50 ምናምን ነው። ኢቨንት ቪወሩን አየሁት፣ 41 ተደርድሯል፣ ኮዱ ሁሉም 0 ነው። የ6008ቱን ሰዓት ወደኛ ስቀይረው ደሞ ገረመኝ፣ አብዛኛው ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ውስጥ ነው፣ የቀረው ማታ ማታ 1 ሰዓት አካባቢ። ከሰዓት በኋላ የጠፋበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። ራምም ነው ያሉኝ አሉ፣ ምን ትላላችሁ?

ሞጣ_ሶልደር ፦
ራም ሲበላሽ ሰማያዊ ስክሪን ያበዛል፣ ፋይል ያበላሻል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይነሳም። ማክሰኞና ዓርብ እየጠበቀ ሚያጠፋ ራም የለም።

ቴስተር_ከእጄ (ባሕር ዳር) ፦
ይሄ ነው የምፈልገው! ሙቀት ቢሆን ኖሮ ብዙ በሠራሽበት ሰዓት ነበር ሚጠፋው፣ ያንችው ግን የሌላ ሰው ፕሮግራም ነው ሚከተለው። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ግቢያችሁ ውስጥ ምንድነው ሚሠራው? አከራይሽ እንጀራ ሚጋግሩበት ቀን አይደለም? አምፖሉስ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ደብዘዝ አይልም?

ጥቁር_ቀለም (ደብረ ማርቆስ) ፦
ወይኔ! አዎ እትዬ ሚጋግሩት ማክሰኞና ዓርብ ነው፣ ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነው። ማታ ደሞ ራት ሲሠራ ስቶቭ ይለኮሳል። አምፖሉ ይደበዝዛል አዎ፣ ግን ሁልጊዜ ስለሆነ ልብ ብዬው አላውቅም። ፎቶ ኮፒው ግን ለምን አይጠፋም?

ቴስተር_ከእጄ (ባሕር ዳር) ፦
እያንዳንዱ ዕቃ ሚችለው ዝቅተኛ ቮልቴጅ የተለያየ ስለሆነ ነው። የዴስክቶፕሽን ጀርባ እይልኝ፣ ገመዱ ሚሰካበት አጠገብ ቀይ ትንሽ ማንሸራተቻ አለችው? 115 እና 230 ሚል የተጻፈባት? ካለች ፓወር ሳፕላይሽ የድሮው አይነት ነው። 230 ላይ ሲደረግ መስመሩ ወደ 180 ሲወርድ ነው መንገዳገድ ሚጀምረው። አዲሶቹ ግን ጎናቸው ላይ ከ100 እስከ 240 ይላሉ፣ የላፕቶፕ ቻርጀርም እንደዚያው ነው፣ ለዚህ ነው ላፕቶፕ ባለበት ቤት ይሄ ችግር ማይታየው።

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ተዋሺና ሶኬቱን ለኪልኝ። መራጩን ቪ ከጎኑ ሞገድ ያለበት ላይ፣ 600 ወይ 750 ሚለው ላይ አድርጊ። ገመዶቹ ትክክለኛው ቀዳዳ ላይ መሰካታቸውን እይ፣ ቀዩ 10 አምፔር ሚለው ላይ ተሰክቶ ሶኬት ውስጥ ከከተትሽው ሾርት ነው ሚሆነው። ካልለመድሽው ሰው ይለካልሽ። አንዴ ምጣዱ ሳይለኮስ፣ አንዴ ምጣዱ ግሎ እያለ።

ጥቁር_ቀለም (ደብረ ማርቆስ) ፦
ጎረቤት ሬዲዮ ሚሠራ ልጅ ለካልኝ። ምጣዱ ሳይለኮስ 214። እትዬ ምጣዱን ሲለኩሱት 171! ልጁም ደነገጠ። ቀይ ማንሸራተቻዋም አለች፣ 230 ላይ ናት።

አቦይ_ጌም ፦
ቀላል ነው በቃ፣ ቮልቴጁ ከወረደ ቀዩዋን 115 ላይ አድርጊያት፣ በዝቅተኛም ይሠራልሻል።

ሞጣ_ሶልደር ፦
እንዳትነኪያት!!!! እህቴ ይሄን ቀድመሽ አንብቢ።

ያችን ነገር 115 ላይ አድርገሽ 220 ብትሰኪበት ይፈነዳል። ውስጡ ሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ሚያጠራቅሙ) አሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 200 ቮልት ነው ሚችሉት። 230 ላይ ሲሆን 220ው ተቀይሮ 310 ቮልት ገደማ ዲሲ ይሆንና ለሁለት ይካፈሉታል፣ ለየራሳቸው 155 ይደርሳቸዋል፣ ሰላም ነው። 115 ላይ ሲሆን ግን ሰርኪዩቱ ቮልቴጁን እጥፍ ያደርገዋል፣ ማለትም እያንዳንዱ ብቻውን 310 ይመጣበታል። በሰከንድ ውስጥ ነው ቧ ሚለው፣ ጭስና ፍንጣሪ፣ አንዳንዴ ማዘርቦርዱንና ሃርድ ዲስኩንም ይዞ ይሄዳል። ምጣዱ ሲጠፋ 214 ይመለሳል አይደል? ያኔ ነው ምትፈነዳው። ሱቅሽ ተማሪ ሚበዛበት ከሆነ ቀዩዋን በፕላስተር ሸፍኛት፣ ልጅ በጣቱ እንዳይነካት።

ቴስተር_ከእጄ (ባሕር ዳር) ፦
ሞጣ ተባረክ፣ አንድም ቃል አልጨምርም።

ቡሬ_ኔት ፦
እና ስታቢላይዘር ትግዛ በቃ።

ፍኖተ_ሽቦ (ፍኖተ ሰላም) ፦
ቆዩ ቆዩ፣ ስለ ስታቢላይዘር ከማውራታችሁ በፊት። እኔ የቤት መስመር ነው ምዘረጋው፣ ኮምፒውተር ብዙም አላውቅም፣ ይሄ 214 እና 171 ሚለው ቁጥር ግን እንቅልፍ ይነሳል። እስቲ አብረን እናስላው። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ነው፣ ወደ 16 አምፔር ይስባል። መስመሩ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ ቢሆንና ከቆጣሪው እስከ ቤቱ 30 ሜትር ቢርቅ እንኳ ሽቦው ላይ ሚጠፋው 7 ቮልት አካባቢ ነው። እናንተ ጋ 43 ቮልት ነው የጠፋው። ትራንስፎርመር ርቆ ወይ ጭነት በዝቶበት ሊሆን ይችላል፣ ግን እንደዚያ ቢሆን ጎረቤትም ይደበዝዝ ነበር። የእናንተ ምጣድ ሲለኮስ የጎረቤት አምፖል ካልደበዘዘ ችግሩ እናንተው ግቢ ውስጥ ነው፣ አንድ የላላ ወይ የዛገ መጋጠሚያ አለ። ያ የጠፋው ቮልት የትም አልሄደም፣ እዚያች መጋጠሚያ ላይ ሙቀት ሆኖ ነው፣ በአምፔሩ ስታባዙት ወደ 500 ዋት ይጠጋል። ኮርኒስ ውስጥ ከእንጨት ጋር ተጠግቶ ከሆነ ቤቱ ይቃጠላል እህቴ፣ እያጋነንኩ አይደለም።

ዛሬውኑ ጎረቤት ጠይቂ። ላስቲክ የተቃጠለ ሽታ ካለ ምጣዱን አጥፉት። ብሬከሩን ሳትጥሉ ምንም እንዳትነኩ፣ ከቆጣሪው በፊት ያለውን ደሞ ጨርሶ አትንኩት፣ እሱ የመብራት ሠራተኞች ሥራ ነው።

ጥቁር_ቀለም (ደብረ ማርቆስ) ፦
ጎረቤት ጠየቅሁ፣ የነሱ አይደበዝዝም። ለእትዬ ስነግራቸው ምጣዱን ወዲያው አስጠፉት፣ እሱን እሳት እሳት ሚል ሽታ እኔስ የሊጡ መስሎኝ አሉ። ነገ ኤሌክትሪሽያን ይመጣል።

እንጅባራ_ብርድ ፦
በነገራችን ላይ እኛም ጋ ወፍጮው ሲነሳ አምፖል ይደበዝዛል፣ ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው 5 ወይ 6 እጥፍ አምፔር ይስባል ይባላል። የኛ ኮምፒውተር ያኔ አይጠፋም ግን። ለምን ይሆን?

ሞጣ_ሶልደር ፦
ፓወር ሳፕላያችሁ ደህና ስለሆነ ነው። ካፓሲተሩ እንደ እንስራ ነው፣ ምንጩ ለአፍታ ሲቀንስ ከሱ እየተቀዳ ይቆያል። ደህናው ሙሉ ጭነት ላይ ሆኖ እንኳ 16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይይዛል፣ ጭነቱ ቀለል ሲል ደሞ ከዚያ በላይ። ያረጀ ካፓሲተር ግን የያዘው ትንሽ ነው። ጥቁር ቀለም፣ ያንችውን በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ በባትሪ መብራት እያበራሽ እይው፣ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው ወደላይ ያበጡ ወይ ቡናማ ነገር ያንጠባጠቡ ካሉ አብቅቶለታል። ክዳኑን ግን አትክፈቺው። ተነቅሎም ያ ትልቁ ካፓሲተር ቻርጅ ይዞ ይቆያል፣ ይገድላል።

ጥቁር_ቀለም (ደብረ ማርቆስ) ፦
ሰዎች ተገኘ! ኤሌክትሪሽያኑ ብሬከሩን ጥሎ ከቆጣሪው ሳጥን ወደ ቤቱ ሚገባውን ኮርኒሱ ሥር ፈታው። አንድ ጊዜ መስመሩ ሲቀጠል በአልሙኒየም ነው የቀጠሉት፣ ኒውትራሉን (መብራቱ ሚመለስበትን ሽቦ) መዳቡ ላይ እንዲሁ ጠምዝዘው በጥቁር ፕላስተር ጠቅልለውታል። ፕላስተሩ ቀልጦ እንደ ሙጫ ተንጠባጥቧል፣ ሽቦው ላይ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ይዟል፣ አጠገቡ ያለው ጣውላ በጣት ስነካው ከሰል ሆኖ ይፈረፈራል። እኔ ስንት ጊዜ ከዚያ ሥር ቁጭ ብዬ ቡና ጠጥቻለሁ። እትዬ ጣውላውን ሲያዩ አማትበው ዝም አሉ።

ፍኖተ_ሽቦ (ፍኖተ ሰላም) ፦
እግዚአብሔር ነው ያወጣችሁ። ነጩ የአልሙኒየም ዝገት ነው። አልሙኒየምና መዳብ በቀጥታ ከተጠማዘዙ እርጥበት ሲያገኝ ይበላዋል፣ የኛ አገር ክረምት ደሞ ታውቁታላችሁ። አልሙኒየም ሲሞቅ ከመዳብ ይበልጥ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፣ በየምጣዱ እንደዚያ ሲል መጋጠሚያው እየላላ ይሄዳል። ኒውትራል መሆኑ ደሞ የባሰ ነው፣ ሦስት ፌዝ ባለበት ግቢ ቢሆን ኖሮ ኒውትራሉ ሲለቅ ቮልቴጁ ከ300 በላይ ወጥቶ ያለውን ዕቃ ሁሉ ይበላው ነበር። አሁን አልሙኒየሙን አስወጥታችሁ ከቆጣሪው ጀምሮ በአንድ ወጥ መዳብ አስቀይሩት፣ ለምጣዱ 6 ካሬ ይሁን፣ የራሱ ብሬከር ይኑረው። ሱቁ ለብቻው በ2.5 ይውጣ። አልሙኒየሙ የግድ ከሆነ ለሁለቱ ተብሎ የተሠራ ማገናኛ አለ፣ በእጅ መጠምዘዝ ግን በፍጹም። ግራውንድም ካልነበረ አብሮ ይቀበርላችሁ።

ጥቁር_ቀለም (ደብረ ማርቆስ) ፦
እንዳልከው ተሠራ ወንድምዓለም፣ እትዬ ከኪራዩ ላይ ቀንሰውልኝ ተጋርተን ነው የከፈልነው። አሁን ምጣዱ ግሎ እያለ ሶኬቴ ላይ 206 ነው! ዛሬ ዓርብ ነው፣ ጠዋቱን ሙሉ ሲጋገር እኔም ስጽፍ ዋልኩ፣ አልጠፋም። ፓወር ሳፕላዩንም በባትሪ አየሁት፣ ሁለቱ ትንንሾቹ ጣሪያቸው አብጧል።

ቴስተር_ከእጄ (ባሕር ዳር) ፦
ደስ ይላል እህትዓለም። እንግዲያው ፓወር ሳፕላዩንም ቀይሪው፣ ያበጠ ካፓሲተር ወደ ጤናው አይመለስም፣ መስመሩ ቢስተካከልም ዛሬ ነገ ይደግምብሻል። ስትገዢ የዋቱን ቁጥር ብቻ አይተሽ እንዳትገዢ፣ 500 ዋት ተብሎ ተጽፎበት ስታነሽው ባዶ ቆርቆሮ ሚመስል አለ። ጎኑ ላይ ከ100 እስከ 240 ሚል ይኑረው፣ የ12 ቮልቱ አምፔር ስንት እንደሆነ አንብቢ፣ ክብደቱንም በእጅሽ እይው። ከተገጠመ በኋላ የ12ቱ መስመር ከ11.4 በታች ከወረደ ወይ ከ12.6 ካለፈ መልሺው። ደሞ የድርጅት ስሪት ዴስክቶፕ ከሆነ ሶኬቱ ከተራው ሊለይ ይችላል፣ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ።

ከዚያ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ ሚያቆይሽን ማለቴ ነው። ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ አያድንሽም፣ ውስጡ ያለው መቀያየሪያ (ሬሌው) ቀጭ ባለ ቁጥርም መስመሩን ለቅጽበት ይቆርጣል። 650 ቪኤ ሚባለው ለአንድ ዴስክቶፕና ሞኒተር ሴቭ አድርገሽ ለመዝጋት ይበቃል። ፎቶ ኮፒውንና ሌዘር ፕሪንተሩን ግን እሱ ላይ እንዳትሰኪ፣ ወረቀቱን ሚያሞቀው ክፍል ሲለኮስ ብዙ ስለሚስብ ዩፒኤሱ ይጮህና ሁሉንም ያጠፋዋል።

ሞጣ_ሶልደር ፦
ሃርድ ዲስኩንም አስፈትሺው፣ ያን ያህል ጊዜ በድንገት ከጠፋ የፋይል ሲስተሙ ሳይጎዳ አይቀርም። ሲ ድራይቭ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ቼክ። ከዚያ በፊት የተማሪዎቹን ፋይል ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጊ። ወርድ ላይ ደሞ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ገብተሽ አውቶ ሪከቨሩን በየ10 ደቂቃው ከሚለው ወደ 1 አውርጂው፣ ሲነሳ የመጨረሻውን ሚያወጣልሽ እሱ ነው።

ጥቁር_ቀለም (ደብረ ማርቆስ) ፦
ሁሉንም አደርገዋለሁ፣ አውቶ ሪከቨሩን አሁኑኑ ቀየርሁት። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ይሄን ክር ለእትዬ አነበብሁላቸው፣ ፍኖተ ሽቦን መርቁልኝ ብለዋል።

ቢቸና_ኮፒ ፦
እኔም ተመሳሳይ ሱቅ ነው ያለኝ፣ ዩፒኤስ አለኝ ግን መብራት ሲሄድ ለአፍታ እንኳ አይዝም፣ ጢጥ ይልና አብሮ ይጠፋል። ተበላሽቶ ነው?

ቴስተር_ከእጄ (ባሕር ዳር) ፦
አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ነው፣ ዩፒኤሱን አትጣለው። ውስጡ ያለው የታሸገ 12 ቮልት 7 አምፔር አወር ባትሪ ነው፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው ዕድሜው፣ ብዙ እየተራቆተ ከሠራ ደሞ ከዚያም በታች። ነቅለህ በዲሲ ለካው፣ ሞልቶ አድሮም ከ12 በታች ካሳየህ ሞቷል፣ ባትሪውን ብቻ ቀይር። ስትገጥም ቀይና ጥቁሩን አታምታታ። ካልሠራ ደሞ ሶኬትህ ላይ ስንት ቮልት እንዳለ፣ ዩፒኤሱ ላይ ምን ምን እንደተሰካ ጽፈህ አዲስ ክር ክፈት፣ እዚያው አይሃለሁ።